የፈረሱን ስም እናውቃለን

ፊልሙን መጀመሪያ የከፈትኩት በ1.5 ፍጥነት ነው። ሶፍትዌር እየሠራሁ ስለምኖር ቪዲዮ ሳይ ልማዴ እንደዚያ ነው፤ ትምህርቱንም፣ የስብሰባ ቅጂውንም፣ ፖድካስቱንም አፍጥኜ ነው የምሰማው። ጓደኛዬ በፍላሽ ሲሰጠኝ «ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ገበሬዎች ይሄዳሉ፣ ይሄዳሉ፣ አሁንም ይሄዳሉ» ብሎኝ ነበር። ሒሳቡን በልቤ ሠራሁና በመቶ ደቂቃ እገላገለዋለሁ አልኩ።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አቆምኩት። ወደ ሥራ የሚሄዱት ሰዎች በእኔ ፍጥነት ሲታዩ የሚሮጡ መሰሉ። የደከመ ሰው እየሮጠ ከታየ ድካሙ የት ይታያል? ወደ መደበኛው ፍጥነት መልሼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ፊልሙ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ይባላል። የኃይሌ ገሪማ ሥራ ነው። የኔ ትውልድ ኃይሌን የሚያውቀው፣ ካወቀው፣ በ«ሳንኮፋ» ወይም በ«ጤዛ» ነው። «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት አግኝቷል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ወስዷል። ስለዚህኛው ግን አምስት ዓመት ኢንጂነሪንግ ስማር በዶርምም በካፌም አንድ ሰው ሲያነሳ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ኔትፍሊክስ ፊልም ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከሩ ልጆች ነበርን እኮ።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ፊልሙን ልተርክላችሁ ብዬ ብቻ አይደለም። ከአያቴ ጋር አየሁት፤ ካየነው በኋላ ደግሞ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሃያ ምናምን ዓመት ሳየው የኖርኩትን አንድ ፎቶ እንደ ድሮው ማየት አቃተኝ። እዚያ ለመድረስ ግን ከፊልሙ መጀመር አለብኝ።

*

ኃይሌ ገሪማ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ነው። አባቱ አባ ገሪማ ታፈረ ተውኔት እየጻፉ በየገጠሩ እየዞሩ የሚያሳዩ ሰው ነበሩ። ልጁ እ.ኤ.አ. በ1967 ቲያትር ሊማር ወደ ቺካጎ ሄደ፤ ከዚያም ሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩሲኤልኤ፣ ተሻግሮ ፊልም ማጥናት ያዘ። ያኔ እዚያ የነበሩ ጥቁር ተማሪዎች፣ እነ ቻርልስ በርኔት፣ እነ ጁሊ ዳሽ፣ እነ ላሪ ክላርክ፣ በኋላ «የኤልኤ አመፅ» የሚል ስም የወጣለት ስብስብ ሆኑ። ሆሊዉድ እኛን በሚያሳይበት መንገድ ራሳችንን አናሳይም ያሉ ልጆች ናቸው። ኃይሌ በዚያው ሰሞን «ቡሽ ማማ» የተባለውን፣ በሎስ አንጀለስ የምትኖር ጥቁር እናትን ታሪክ ይሠራ ነበር። የዚያ ፊልም መክፈቻ ላይ የሚታየው የፖሊስ ፍተሻ ትወና አይደለም፤ ቀራጮቹ ራሳቸው መንገድ ላይ በእውነት ሲፈተሹ የተቀረጸ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 ኃይሌ ካሜራ ይዞ ወደ አገሩ መጣ። አብሮት የመጣው የካሜራ ባለሙያ ኤሊዮት ዴቪስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ፊልሙ 16 ሚሊሜትር፣ ጥቁርና ነጭ ነው። ተዋንያኑ ሙያተኞች አልነበሩም። ቀረጻው ያለቀው በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። እኛ አንድ የመግቢያ ገጽ ለመሥራት «ሁለት ሳምንት ስፕሪንት» እንላለን፤ እነሱ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚወስድ ፊልም ቀረጹ።

ታሪኩ ሲነገር አጭር ነው። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ አለ፤ አባት፣ እናት፣ አያት፣ ልጆች። አንድ ባለርስት አለ፤ ከፍ ካለው ቤቱ ደጃፍ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከታች የሚያርሱለትን ሲመለከት፣ ሲቆጣና ሲሳደብ ይውላል። አንድ ደግሞ ከበበ የሚባል ሰው አለ፤ መንደሩ እብድ ይለዋል። ከበበ ጣሊያንን የተዋጋ አርበኛ ነው። መሬቱን ተነጥቋል፤ ድልድይ ሥር ያድራል፤ በቀን ደግሞ ላገኘው ሁሉ እውነቱን እየጮኸ ይናገራል። የጭሰኛው ሴት ልጅ ከብት ትጠብቃለች። ጎርፍ ሲመጣ የባለርስቱን ላም አድናለሁ ስትል ውሃው ይወስዳታል። ከዚያ በኋላ ከበበ በዱላው ባለርስቱን ደብድቦ ይገድላል፤ እሱም አይተርፍም።

ይኼን በአንድ አንቀጽ ማለት ይቻላል። ፊልሙ ግን አይቸኩልም። ሰዎቹ ሲነሱ፣ ሲሄዱ፣ ሲያርሱ፣ ሲመለሱ፣ እንደገና ሲነሱ ያሳያል። ካሜራው ብዙ ጊዜ ሩቅ ቆሞ ነው የሚያያቸው፤ መሬቱ ሰፊ፣ ሰው ትንሽ ሆኖ ይታያል። መሀል ላይ ደግሞ ሕልም ይገባል። በአንዱ ሕልም ውስጥ ቀንበሩ የተጫነው በሬ ላይ ሳይሆን ሰው ላይ ነው፤ ሰዎቹ እንደ በሬ ተጠምደው ይነዳሉ። እኔ ይህን ቦታ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ መልሼ አየሁት። ካየሁት በኋላ «ጭሰኛ» የሚለው ቃል ከታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ወጣብኝ።

*

ኮድ ሲበላሽ መጀመሪያ የማየው ሎጉን ነው። ምን ከምን በፊት ሆነ? ለዚህ ፊልምም እንደዚያ አደረግሁ፤ ቀኖቹን በቅደም ተከተል ጻፍኳቸው።

የካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የጭሰኛና የባለርስትን ግንኙነት ያሻሽላል የተባለ ሕግ ፓርላማ ገብቶ እንደተንጠለጠለ ቀረ፤ ፓርላማው ራሱ በባለርስቶች የተሞላ ስለነበር ብዙም አይገርምም። 1965 እና 1966 ዓ.ም. ላይ የወሎ ረሃብ ነበር። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ረሃቡን ቀርጾ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። የካቲት 1966 ላይ መምህራን፣ ታክሲ ነጂዎችና ወታደሮች ተነሱ። በዚያው የፈረንጅ ዓመት፣ በ1974፣ ኃይሌ ፊልሙን ቀረጸ።

መስከረም 1 ቀን 1967፣ በእንቁጣጣሽ ምሽት፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያንን የዲምብልቢን ፊልም የቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል እየተሰካበት አሳየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ኅዳር 14 ስድሳ ባለሥልጣናት ተረሸኑ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፦ መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፣ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ መያዝ አይችልም ተባለ፣ የጭሰኛና የባለርስት ግንኙነት በሕግ አበቃ። ፊልሙ ተቀናብሮ ለዓለም የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው።

ቅደም ተከተሉን ስታዩ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ኃይሌ የቀረጸው ባለርስት በቀረጻው ጊዜ ገና ባለርስት ነበር። ፊልሙ ሰው ፊት ሲቀርብ ግን የዚያ ባለርስት ሥርዓት በአዋጅ ከተሻረ አንድ ዓመት አልፎታል። «ይኼ ይፈርሳል» ብሎ የተቀረጸ ፊልም፣ ከፈረሰ በኋላ ደረሰ።

ከዚህ የተነሳ ሁለት የተለያዩ ተመልካቾች ገጠሙት።

አንደኛው ውጭ ያለው ነው። በ1976 በካን የሐያስያን ሳምንት ታየ፤ በስዊዘርላንድ የሎካርኖ ፌስቲቫል ተሸለመ። ዘመኑ ከላቲን አሜሪካ፣ ከአፍሪካና ከእስያ የሚመጡ ፊልሞች «ሦስተኛ ሲኒማ» በሚባል ስም የሚጠሩበትና አጥብቀው የሚፈለጉበት ነበር። ይህን አስተሳሰብ በእንግሊዝኛ በመጽሐፍ ካደራጁት ሰዎች አንዱ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ዩሲኤልኤ ያስተምር የነበረው ተሾመ ገብርኤል፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ስለ ሦስተኛው ሲኒማ ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ የፊልም ተማሪዎች የሚያነቡት ነው። ስለዚህ የኃይሌ ፊልም ውጭ አገር ቤት አገኘ፤ በዩኒቨርሲቲ ክፍሎች፣ በፌስቲቫሎች፣ በጥናት ወረቀቶች ውስጥ ኖረ። ቆይቶም የማርቲን ስኮርሴዚ ፊልም ፋውንዴሽንና የቦሎኛ የፊልም ቤተ መዛግብት ተጋግዘው አድሰውታል። ያረጀ 16 ሚሊሜትር ፊልም ቧጭሮና ደብዝዞ እንዳይጠፋ ምስል በምስል መጠገን ማለት ነው።

ሁለተኛው ተመልካች ፊልሙ በቋንቋው የሚናገርለት ሰው ነው። ፊልሙ አማርኛ ነው። ስድቡ፣ ምርቃቱ፣ የከበበ ንግግር፣ ሁሉም ትርጉም አያስፈልገውም። ግን በ1968 እና በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሰው የሚያስበው ስለ ባለርስት አልነበረም። ባለርስቱ ወድቋል። ከተማው ስለ ቀበሌ፣ ስለ ኢሕአፓና መኢሶን፣ ስለ አሰሳ፣ ሌሊት ስለሚወሰድ ልጅ ነበር የሚያስበው። «ባላባትን የሚረግም ፊልም» ያኔ የመንግሥት ቋንቋ ሆኗል፤ በየሰልፉ ይጮኻል። እኔ እንደማስበው ግን ፊልሙ ከዚያ መፈክር ጋር አይገጥምም። ፊልሙ ውስጥ የሚያድን ጦር የለም፤ ድርጅት የለም፤ ኮሚቴ የለም። ባለርስቱን የሚገድለው አንድ የተበደለ ሽማግሌ ነው፤ ግድያውም ድል አይመስልም። ማንም እልል አይልም። ጭሰኞቹ ነገ የሚያርሱት ለማን እንደሆነ ፊልሙ አይነግረንም።

የስሙም ነገር አለ። ሦስት ሺህ ዓመት የሚለው ቁጥር ባዶ ቁጥር አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንጉሡ ዘር ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ የሚወረድ ነው ብሎ በአንቀጽ አስፍሮታል። ሦስት ሺህ ዓመት የኩራታችን ቁጥር ነው፤ በትምህርት ቤት ግድግዳ፣ በቱሪስት ፖስተር፣ ዛሬም በቲክቶክ ጭቅጭቅ ውስጥ አለ። ኃይሌ ያንን ቁጥር ወስዶ «ምርት» ከሚለው ቃል ጎን አስቀመጠው። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ሦስት ሺህ ዓመት ሲታረስ ምርቱን ማን በላው?

*

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ።

እኔ የባለርስት የልጅ ልጅ ልጅ ነኝ። የእናቴ እናት፣ እማማ የምላቸው፣ አባታቸው አርበኛ ነበሩ። ከድል በኋላ አርሲ ውስጥ ጋሻ መሬቶች ተሰጧቸው። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ነው። እኛ ቤት ስለዚያ መሬት የሚነገረው ታሪክ አንድ ብቻ ነበር፦ በደሙ ያገኘውን ደርግ በወረቀት ወሰደበት። ይህን ዓረፍተ ነገር ከአባታችን ሆይ እኩል ነው የማውቀው። ልጅ ሆኜ ስለ መሬት አዋጅ በክፍል ስንማር፣ መምህሩ «ጭሰኛው ነፃ ወጣ» ሲል፣ እኔ በልቤ «የኛ መሬት» እል ነበር። ያንን መሬት አይቼው አላውቅም።

አርሲ ላይ የሆነው ነገር በታሪክ በደንብ ተጽፏል። ከአርበኝነት በኋላ መንግሥት ለአርበኞች፣ ለስደት ተመላሾች፣ ለወታደሮችና ለሹማምንት መሬት ሲሰጥ፣ አብዛኛው የተሰጠው በደቡቡ ክፍል ነበር። መሬቱ ላይ ግን ሰው ነበረበት። ያ ሰው በአንድ ወረቀት ጭሰኛ ሆነ። የምርቱን ሲሶ የሚሰጥ ነበር፤ እኩሌታውን የሚሰጥ ነበር፤ ከዚያም በላይ የሚከፍል ነበር። የባለርስቱን አስራት የሚሸከመውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስዊድን እርዳታ የጭላሎ ልማት ፕሮጀክት ሲመጣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ምርቱን አሳደገው፤ መሬቱ ዋጋ ሲያወጣ ግን ባለርስቶች በትራክተር ማረስ ጀመሩና ጭሰኞቻቸውን አስወጡ። ልማት መጣ፣ ሰው ተፈናቀለ። የእኛ ቤት ትራክተር ነበረው ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

እማማ 82 ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ደህና ነው፤ ጆሯቸው ትንሽ ይሰንፋል። አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ ላፕቶፑን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቼ «እማማ፣ የድሮ ፊልም ላሳይዎት» አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ክፋት ነበረብኝ። ባለርስቱን ሲያዩ ምን እንደሚሉ ማወቅ ፈልጌ ነበር። ኮድ እንደምንሞክረው፣ እሳቸውን ልሞክራቸው ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

መጀመሪያ ደስ አላቸው። «እንዴ፣ ይኼ እኮ አገር ቤት ነው» አሉ። ስለ ቤቱ አሠራር፣ ስለ ልብሱ፣ ስለ ልጅቱ ፀጉር አወሩኝ። ከበበ ሲመጣ ደግሞ ወደዱት። ድልድዩ ሥር ሆኖ ሲናገር «እውነቱን ነው! ባንዳው ተሾመ፣ አርበኛው ተጣለ፤ ስንቱን አውቃለሁ መሰለህ» አሉኝ። በላይ ዘለቀን አነሱ፤ አምስት ዓመት ጣሊያንን ተዋግቶ በ1937 ዓ.ም. በራሱ መንግሥት የተሰቀለውን። አባታቸው ስለ በላይ ሲነሳ ሁልጊዜ ያለቅሱ እንደነበር ነገሩኝ። ይህን ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

እኔ ግራ ገባኝ። የባለርስት ልጅ ናቸው፤ ልባቸው ግን ከባለርስቱ ጠላት ጋር ነው። ቆይቶ ነው የገባኝ። እማማ ከበበን ሲያዩ አባታቸውን ነው የሚያዩት፤ አርበኛውን። ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰውዬ የማንም አባት አልነበረም፤ ክፉ ባለርስት ነው፣ በቃ። እኛ ቤት ሁሉ እንደዚያ ነው የምናስበው መሰለኝ። ክፉ ባለርስቶች ነበሩ፤ የኛ ግን አርበኛ ነበር።

ከዚያ ባለርስቱ አሽከሩን ጠራ። መጥራት ብቻ ነው፤ እንደ ልማዱ እየተቆጣ። አሽከሩም እንደ ልማዱ እየተጣደፈ መጣ። ከዚያ በፊት ብዙ የባሰ ነገር አይተናል። እማማ ግን እዚህ ላይ ዝም አሉ። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። አንቀላፍተው እንደሆነ ብዬ ዞር ስል ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነው።

ግድግዳው ላይ ፎቶው አለ። ቅድመ አያቴ ቤታቸው ደጃፍ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ በነጠላቸው ላይ ኮት ደርበዋል፤ ጎናቸው ፈረሳቸው ቆሟል። ይህን ፎቶ በልጅነቴ ስዬዋለሁ፤ ስልኬ ላይም አለኝ። እማማ «ልጁን አየኸው?» አሉኝ። «የቱን ልጅ?» ስል፣ «ፈረሱን የያዘውን» አሉኝ።

ተነስቼ ቀርቤ አየሁ። የፎቶው ጠርዝ ላይ፣ የፈረሱን ልጓም የያዘ አንድ እጅ አለ። እጅና የሸሚዝ እጅጌ ጫፍ። ቀሪው ልጅ ከፎቶው ውጭ ነው። ፎቶ አንሺው ፈረሱን ሙሉ ለማስገባት ሲል ልጁን ቆርጦታል። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ያንን እጅ አላየሁትም ነበር።

«ማን ነበር?» አልኳቸው።

የፈረሱን ስም ነገሩኝ። ቅድመ አያቴ የሚጠሩበት የፈረስ ስምም እሱ ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል፣ የአጎቴ ሱቅ ራሱ በሱ ነው የተሰየመው። የልጁን ስም ግን ሊያስታውሱት አልቻሉም። «ከኛ ጋር ነው ያደገው። እኔን አዝሎ ወንዝ ያሻግረኝ ነበር። ማን ነበር ያልነው... ማን ነበር...» እያሉ ቀሩ። ፊልሙ እየሄደ ነበር። ልጅቱ ላሟን ፍለጋ ወደ ውሃው ስትወርድ እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ባለርስቱ ሲገደል ምንም አላሉም። ሲያልቅ «ረጅም ነው» አሉና ቡና እንዳስፈላ አዘዙኝ።

*

ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚህ ፊልም የተጻፈውን ያገኘሁትን ያህል አነበብኩ። ስለ ቅርጹ፣ ስለ ሦስተኛው ሲኒማ፣ ስለ ሕልሞቹ ብዙ ጥሩ ነገር ተጽፏል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ስለ አንድ ፊልም አቀባበል ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ሽልማትና ስለ ሐያስያን ነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በዚያ በኩል ተሳክቶለታል። የኛን ቤት ዓይነት ሳሎን ለመድረስ ግን ሃምሳ ዓመት ፈጀበት፤ ለዚያውም በጓደኛ ፍላሽ ነው የደረሰው።

አንዳንዱ ምክንያት ቀላል ነው። 16 ሚሊሜትር ፊልም እንደ ካሴት አይባዛም። አብዮቱ፣ ቀይ ሽብሩ፣ ጦርነቱ መሀል ገባ። ኃይሌም ሕይወቱን እዚያው አሜሪካ መሠረተ፤ ከ1975 ጀምሮ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት «ሳንኮፋ» የሚባል የመጻሕፍትና የፊልም ቤት ከፈተ። ዋሽንግተን ያላችሁ ምናልባት ቡና ጠጥታችሁበታል።

ሌላው ምክንያት ግን የኛ ይመስለኛል። ስለ መሬት አዋጁ ያሉን ታሪኮች ሁለት ናቸው፦ የደርግ ታሪክና የተወረሱ ሰዎች ታሪክ። በመጀመሪያው ጭሰኛው መፈክር ነው፤ በሁለተኛው ጭራሽ የለም። ፊልሙ ለሁለቱም አይመችም። ጭሰኛውን ሲሄድ፣ ሲደክም፣ ሲያልም ያሳየዋል። ካሜራውን ልጓሙን ከያዘው ልጅ ላይ ይተክልና ባለርስቱን ወደ ጠርዝ ይገፋዋል።

ይህን ስጽፍ የቅድመ አያቴ አርበኝነት ውሸት ነበር ማለቴ አይደለም። ተዋግተዋል፤ ቆስለዋል። እማማም ያዘኑበት ነገር እውነት ነው፤ አዋጁ ሲመጣ ልጆች ይዘው ባዶ እጃቸውን አዲስ አበባ ገብተዋል። ያ ሐዘን ግን ስንት ሰው ከፎቶው ቆርጦ እንዳወጣ ጠይቀን አናውቅም። እኔም አልጠየቅኩም። «የኛ መሬት» ማለት ይበቃኝ ነበር።

ፊልሙን ያላያችሁ፣ ካገኛችሁት እዩት። አታፍጥኑት። ቢቻል ከትልቅ ሰው ጋር እዩት። ከኔ የተለየ ቤት ካላችሁ፣ አያቶቻችሁ ልጓሙን ከያዙት ወገን ከሆኑ፣ የምትሰሙት ሌላ ይሆናል፤ እሱን ደግሞ እኔ ብሰማው ደስ ይለኛል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እናቴ ሥራ ላይ እያለሁ ደወለች። «እማማ አንድ ነገር ንገሪው ብለውኛል፣ ያዝልኝ» አለችና ስልኩን ሰጠቻቸው። እማማ ስልክ ላይ ይጮኻሉ፤ ቢሮው ሁሉ ሰማ።

«አስታወስኩት!» አሉኝ። ስሙን ነገሩኝ። የአማርኛ ስም ነው፤ ጥሩ ስም።

«እሰይ፣ እማማ» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሱ እንኳ እኛ ያወጣንለት ነው» አሉ። «ሲመጣ የራሱ ስም ነበረው። በኦሮምኛ ነበር። አባቴ አይያዝልኝም ብለው ቀየሩት። እናቱ ያወጣችለትን ማንም አልጠየቀውም።»